የመምህራን ጽሑፍና የብሔረሰቦች ቋንቋ

የትምህርት ቋንቋ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ከአዋጆችና ከተማሪው መጽሐፍ በመነሣት ነው። ይሁን እንጂ መንግሥት ለመምህሩ ያዘጋጀው ጽሑፍ በየትኛው ቋንቋ እንደ ሆነ ሳይመረመር ታሪኩ ሙሉ አይሆንም።

በሀንጋሪ የትምህርት ሚኒስትሩ ዮዜፍ ኤትቬሽ እ.ኤ.አ. በ1868 ለመምህራን ያቋቋሙት ጋዜጣ በሀንጋሪኛ ብቻ ሳይወሰን በጀርመንኛ፣ በሮማንኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ታትሟል። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግም ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ደንግጓል። ኤትቬሽ በ1871 ካረፉ በኋላ ግን አቅጣጫው ተለወጠ፤ የ1879 ሕግ መምህራን ሁሉ ሀንጋሪኛ እንዲያውቁ አስገደደ።

በኢትዮጵያ በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ አማርኛን የማስተማሪያ ቋንቋ አደረገ፤ የ1948ቱ ሕገ መንግሥትም የመንግሥቱ ቋንቋ መሆኑን አጸና። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ አማርኛ በእንግሊዝኛ ምትክ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን፣ ለኩታበር ሕፃን የእናቱ ቋንቋ የትምህርት ቤቱም ቋንቋ ሆነለት። በዚያው በወሎ፣ በከሚሴና በባቲ አካባቢ ላለው ኦሮምኛ ተናጋሪ ሕፃን ግን አማርኛ ራሱን የቻለ ሌላ ትምህርት ነበር። መምህሩም ቢሆን ስለ ሙያው የሚያነበው በባዕድ ቋንቋ ነበር፤ በ1959 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው የተጀመረው የትምህርት መጽሔት በአመዛኙ በእንግሊዝኛ ይዘጋጅ ነበርና።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛና በሶማሊኛ ተነሥቶ ቋንቋዎቹን ወደ 15 አሳደገ፤ መጻሕፍቱም በግዕዝ ፊደል ተጻፉ። መደበኛው ትምህርት ቤት ግን በአማርኛ እንደ ቀጠለ ነበር። ስለዚህ አባት በዘመቻው ጣቢያ በራሱ ቋንቋ ፊደል ሲቆጥር፣ ልጁ በትምህርት ቤት በሌላ ቋንቋ ይማር ነበር። በብሔረሰቦች ቋንቋ ማስተማር የዘማች ተግባር እንጂ የመምህርነት ሙያ አካል ተደርጎ አልተወሰደም።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን ክፍተት ለመዝጋት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ወሰነ፤ በከሚሴም ኦሮምኛ፣ በላቲን ፊደል፣ የመማሪያ ቋንቋ ሆነ። ሆኖም የተማሪው መጽሐፍ መለወጡ ብቻውን በቂ አይደለም። መምህሩ ስለ ማስተማር ዘዴ የሚያነብበት፣ ችግሩንም ጽፎ የሚያስታውቅበት ገጽ በሚያስተምርበት ቋንቋ ካልተዘጋጀለት፣ ቋንቋው ከሕፃናት ንባብ አልፎ የዕውቀትና የሙያ ቋንቋ ሊሆን አይችልም። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም የመምህሩን መምሪያና መጽሔት ከተማሪው መጽሐፍ ጋር አብረው ሊያቅዱ ይገባል።