በጨው መንገድ ዳር የኖሩ የሰቆጣ ጠላ ቤቶች

የዋግ ታሪክ ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠራው የዋግሹሞች ስም ነው፤ ዘራቸው ከዛጔ ነገሥታት እንደሚወርድ ስለሚነገርላቸው መሳፍንት፣ ይልቁንም ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ስለ ነገሡት ስለ ዋግሹም ጎበዜ ብዙ ተጽፏል። ነገር ግን የእነርሱ መቀመጫ የነበረችው ሰቆጣ በአዳራሽ ግብር ብቻ የኖረች ከተማ አይደለችም፤ መንገደኛውን ተቀብለው ያሳረፉት፣ ስማቸው በዜና መዋዕል ያልሰፈረ ሴቶች የከፈቷቸው ጠላ ቤቶች ናቸው።

ከአፋር ረባዳ ምድር እየተፈለጠ በግመል ወደ ትግራይ ደጋ የሚወጣው አሞሌ ጨው፣ ከዚያ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ሰቆጣ ይገባና ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድርና ወደ ጎጃም ይከፋፈል ነበር፤ አሞሌም መገበያያ ገንዘብ ጭምር ስለ ነበረ፣ ከተማይቱ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከሰሜን ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ሲራራ ነጋዴው ጭነቱን አራግፎ ጕሮሮውን የሚያርስበት፣ የገበያውንም ወሬ የሚሰማበት ስፍራ ያሻው ነበርና፣ ትግርኛ ተናጋሪውና የላስታው ሰው ኽምጣንጋ ከሚናገረው ባላገር ጋራ በጠላ ቤት በአንድ መደብ ተቀመጡ።

የዋግ ማር ስመ ጥር ቢሆንም፣ ጠጅ በቀድሞው ሥርዓት በአብዛኛው የመኳንንት መጠጥ ሲሆን፣ ጠላ ግን የሕዝብ ሁሉ ነበረ። ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፤ ብቅሉና ቂጣው ይጨመርበታል፤ አሻሮው ተፈጭቶ ይደፈደፋል፤ ጋኑም ተከድኖ ይሰነብታል። ይኸው መጠጥ በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር በካህን ጸሎት ተባርኮ የሚቀርብ ስለ ሆነ፣ ለታላቅ መነሣትና ቀምሶ ማቅረብ የጠላ ቤትም ሕግ ሆኖ ኖረ።

ጠላ መኖሩን መንገደኛ የሚያውቀው ከደጃፍ በቆመ እንጨት ጫፍ ላይ በተደፋው ጣሳ ነው። እንዲህ ያለው ምልክት በሌላም አገር ነበረ፤ በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ ገጠር ቢራ የሚጠምቁት በብዛት የመንደር ሴቶች ነበሩ፤ እነርሱም መጠጡ ሲደርስ ቅጠል የታሰረበት እንጨት ከደጃፋቸው ያወጡ ነበር፤ ነገር ግን የዚያ አገር መጠጥ ቤቶች ውለው አድረው ስም አውጥተው፣ ሰሌዳ ሰቅለው፣ ታሪካቸው ሲጻፍላቸው፣ የእኛዎቹ ከባለቤቶቻቸው ጋራ እየተረሱ አልፈዋል።

የጠላ ቤት ታሪክ የአዝመራም ታሪክ ነው፤ እህል በጠፋበት፣ እንደ 1977 ዓ.ም. ባለ የችጋር ዘመን ጋን ይነጥፋልና። ስለዚህ አረጋውያን እናቶች በሕይወት ሳሉ ሙያውን ከማን እንደ ተማሩ፣ የየትኛው አገር ነጋዴ በየትኛው ቤት ያርፍ እንደ ነበረ ጠይቆ መጻፍ የዋግ ሊቃውንትና መምህራን ዕዳ ነው፤ የዋግሹሞችን ክብር የመዘገበ ብዕር፣ ሰቆጣን ያጠጡትንና ያሳደሩትን ሴቶች ሊያልፋቸው አይገባም።