ክረምቱን የከረመው ማን ነው?

«እንዴት ከረማችሁ?» ስንባባል ምን እየተጠያየቅን እንደሆነ ልብ ብለን አናውቅም። መክረም ማለት ክረምትን ማሳለፍ ነው። በግዕዝማ ክረምት ዓመት ማለትም ነው፤ ሰው ዕድሜውን በተሻገረው ዝናብ ይቆጥር ነበር እንደማለት። ወንዝ ሞልቶ፣ መንገድ ተቆርጦ፣ ወራት ሳይተያዩ የቆዩ ዘመዳሞች ሲገናኙ ጥያቄው የምር ነበር። ከብቱ ደህና ነው? ሕፃኑ ሳል አልያዘውም? አሮጊቷ ዝናቡን ወጡት? ዛሬ በጥር ወር ሁለት ሳምንት የጠፋብንን ሰው ሁሉ «ከረምክ?» እያልን ቃሉን አረከስነው።

ቃሉስ ይሁን፤ ወቅቱንም ልንደብቀው ሞክረናል። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት በሚባሉት በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ዘመን የወጣው መፈክር ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ አገሪቱን አስተዋውቋል። በእንግሊዝኛው ኢትዮጵያ የ13 ወር ፀሐይ አገር ነች ይላል። ወደ አማርኛ ሲመጣ ግን «የ13 ወር ፀጋ» ሆነ። ለፈረንጁ ፀሐይ ቢሉት አገሩን አያውቀውምና ያምናል። ሐምሌን የሚያውቅ ሐበሻ ግን «የምን ፀሐይ ነው የምታወሩት?» ብሎ መሳቁ አይቀርም። መፈክሩ በ2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» በሚለው ተተክቷል። እንግዳውን «ከጥቅምት በኋላ ና» የማለቱ ልማድ ግን ዛሬም አለ።

እርግጥ ነው፣ ምክሩ መሠረት አለው። አገራችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ገደማ ላይ የተዘረጋች የሐሩር ክልል አገር ናት። ነገር ግን ደጋ ናት። ከሰኔ እስከ መስከረም የዝናቡ መቀነት ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ፣ ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ከተራሮቻችን ጋር ይላተማል። ሽቅብ ሲወጣ ይበርዳል፤ ሲበርድ ውኃውን ይጥላል። ሐሩር አገር መጣሁ ብሎ ስስ ሸሚዝ ለብሶ የወረደ እንግዳ፣ በሐምሌ እሳት ዳር ተኮራምቶ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ታሪካችንም ቢሆን በዚህ ዝናብ ልክ የተሰፋ ነው። በሚያዝያ 1520 እ.ኤ.አ. ምጽዋ የወረደው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን የአጼ ልብነ ድንግል ሰፈር የደረሰው በጥቅምት ነው። ከቡድኑ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ አገሬው በክረምት ጉዞ እንደማይደፍር ጽፏል። ድንኳን ተክሎ ድንኳን ሲነቅል ዓመቱን የሚገፋው ቤተ መንግሥት እንኳን ክረምት ሲመጣ አንድ ቦታ ይረጋ ነበር። እንግሊዛዊው ጄኔራል ናፒየር በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላን ከያዘ በኋላ ቶሎ ጠቅልሎ ወደ ባሕሩ የወረደው፣ ዝናቡ ከነሠራዊቱ ገደል ለገደል እንዳያስቀረው ሰግቶም ጭምር ነው። አጼ ምኒልክም የዓድዋን ዘመቻ አዋጅ ያስነገሩት በመስከረም 1888 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለሸዋ ጦር የቀጠሩት የጥቅምትን እኩሌታ፣ ቦታውንም ወረኢሉ ነበር። መስከረም ሲጠባ አዋጁ ይነገራል፤ እግር የሚነሳው ጭቃው ሲጠጥር ነው።

እንግዲህ ንጉሡም፣ ጠላትም፣ እንግዳም መንገዱ እስኪደርቅ ይጠብቁ ነበር። ለመጠበቅ አቅምና ምርጫ ነበራቸዋ። መጠበቅ የማይችለው ሰውስ ምን ያደርግ ነበር? ለዚህ መልስ ጉራጌ አገር መሄድ ይሻላል።

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ወልቂጤ ትደርሳላችሁ። ከወልቂጤ ወደ እምድብርና ወደ ሆሳዕና የሚወስደውን መንገድ ስትይዙ ጥቂት ሳትሄዱ ጉብሬ ናት። በክረምት ያያት ሰው አረንጓዴ የሚባለው ቀለም ስንት ዓይነት እንደሆነ ይገባዋል። የእንሰቱ አረንጓዴ ሌላ፣ የጫቱ ሌላ፣ የባሕር ዛፉ ሌላ። በየመንደሩ በቤቶቹ ፊት የተዘረጋው ሰፊ የሣር ጎዳና፣ ጀፎሮ የሚሉት፣ ምንጣፍ ይመስላል። ጭቃው ግን ጭቃ ነው። ጫማ ያወልቃል፣ መኪና ይውጣል፣ ሽማግሌ ይጥላል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ የዚህ አገር ወንድ እግሩ ወደ ከተማ ነው። መጀመሪያ የቀን ሠራተኛ ሆኖ፣ ከዚያም ቸርቻሪ፣ ቀጥሎም የመርካቶ ነጋዴ ሆኖ ኖረ። በዓመት አንዴ ግን አገሩ መግባት አለበት፤ ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለአረፋ። ያልገባ ሰው ወይ ታሟል ወይ ከስሯል ተብሎ ይታማል።

አሁን ቀን መቁጠሪያውን እንመልከት። በባሕረ ሐሳቡ ክረምት የሚቆየው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። መስቀል መስከረም 17 ላይ ይውላል። እኛ «ክረምቱ አለፈ፣ አደይ ፈነዳ» ብለን ስንዘፍን ቀን መቁጠሪያው ገና ክረምት ነው ይላል። መሬቱም ከእኛ ይልቅ ቀን መቁጠሪያውን ነው የሚሰማው። አረፋ ደግሞ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ እየሸሸ ወቅቶቹን ሁሉ ያዳርሳል። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ 13 ላይ ነበር የዋለው፣ ክረምቱ መሐል። ንጉሡ ጦሩን ለጥቅምት ይቀጥራል፤ ጉራጌው ግን በዓሉን «ጭቃው ይድረቅና» ብሎ ሊያዘዋውረው አይችልም። ስጦታውን፣ ሻይ ቅጠሉን፣ ለእናቱ የገዛውን ነጠላ ተሸክሞ ከነጭቃው ይገባል።

እኔ እንደሚመስለኝ ጉራጌን መንገድ ሠሪ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ጭቃ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ገንዘብ እያዋጡ መንገድ ለማውጣት ተነሱ። ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ የመሩት የአለምገና–ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ማኅበር በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል የሚያልፈውን መንገድ ይዞ ተነሳ። ሰባት ቤት ጉራጌዎችም በዚያው ዘመን የራሳቸውን የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቋሙ፤ ዛሬ የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ ልማት ድርጅት የምንለው ሥሩ እዚያ ነው። ነገሩ ብርቅ ስለነበር ዶክተር ፈቃዱ ገዳሙ የአለምገናውን ማኅበር በ1972 እ.ኤ.አ. ለለንደን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸው ርዕስ አድርገውታል።

ልብ በሉ፤ ያ ዘመን መንግሥት መንገድ ሲሠራ ሰው ቆሞ የሚያይበት ዘመን ነበር። ሊስትሮውም፣ ነጋዴውም፣ የቢሮ ሠራተኛውም ከኪሱ አውጥቶ መንገድ ሲሠራ፣ መንገዱ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል። የፎከረበትም አይደለም። እናቱ ቤት የሚያደርሰው መንገድ ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ሐቅ አለ። መንገዱን ያሠራው የሚመለሰው ሰው ነው። የሚመለሰው ደግሞ ለበዓል ነው። መስቀል ሲገባ ደመራው ይደመራል፣ ሰንጋው ይጣላል፣ ክትፎው በእንሰት ቅጠል ይቀርባል፣ አገሩ በመኪና ይሞላል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሁሉም ወደመጣበት ይመለሳል። ክረምቱን እዚያው የከረመው ሌላ ሰው ነው። ያን ክትፎ የሚያርሰውን ቅቤ ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ በማኅበር ጭምር ጠብ ጠብ አድርገው አጠራቅመውታል። ቆጮውንም የፋቁት እነርሱ ናቸው። እንሰት ከተተከለ በኋላ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ከደረሰ ግን ወር አይመርጥም፣ በፈለጉት ጊዜ ይቆረጣል። ተፍቆ፣ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፣ እዚያው ይብላላል፣ ለረጅም ጊዜም ይቆያል። እህል አምራች ገበሬ ነሐሴ ላይ ጎተራውን እያየ ሲተክዝ፣ እንሰት ያለው ቤት ጉድጓዱን ይከፍታል። አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ዊሊያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ሕዝቡን በዚሁ ተክል የጠራው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሆድ ቢጠግብም ግን ጭቃው የማይምረው ነገር አለ። ምጥ ወቅት አይመርጥም። መስከረምን ጠብቂ አይባል ነገር! ከጉብሬ ብዙም ሳይርቅ አጣጥ ሆስፒታል አለ፤ በ1969 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ የካቶሊክ መነኮሳት ያቋቋሙት ነው። ሆስፒታሉ አንድ ቀላል ነገር አሰበ። ሩቅ ያለችና አደጋ የሚያሰጋት ነፍሰ ጡር ምጥ እስኪይዛት ለምን ቤቷ ትቀመጣለች? መውለጃዋ ሲቃረብ ትምጣና እዚሁ ግቢ ትጠብቅ ተባለ። የእናቶች ማቆያ ይሉታል።

ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ያለውን የ22 ዓመት መዝገብ አገላብጠው የጻፉ ሐኪሞች ያገኙት ይህን ነው። በሆስፒታሉ 24,148 እናቶች ወልደዋል። ከነዚህ 6,805ቱ በማቆያው በኩል የገቡ ናቸው። ሞቱ በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት ሲሰላ፣ በማቆያው በኩል ከገቡት 90 ያህል እናቶች፣ በቀጥታ ከመጡት ግን 1,333 እናቶች ሞተዋል ማለት ነው። ሞቶ የሚወለደው ሕፃን ደግሞ ከ1,000 ወሊድ በመጀመሪያዎቹ 18፣ በሁለተኞቹ 191 ነው። ልዩነቱን ሁሉ ማቆያው አመጣው ማለት አይቻልም፤ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ የመጡት ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ይሆናል። ግን እኮ ጉዳዩም ይኸው ነው! ለምን ከተበላሸ በኋላ መጡ? ቤታቸው ሩቅ ነው፣ መንገዱ መንገድ አይደለም፣ በክረምት ደግሞ ወንዙ አለ፣ ቃሬዛ የሚሸከመው ሰው እግር ያዳልጠዋል። ነገሥታቱ ጦራቸውን ያላዘመቱበት ጭቃ ላይ አራት ጎረምሳ አንዲት ሴት ተሸክሞ ይወጣል።

የመንደሩን ኑሮ አይተናል የሚሉ ሹማምንትና አጥኚዎች ይህን ለምን አያዩትም? እንግሊዛዊው ሮበርት ቻምበርስ በ1983 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፉ መልሱን ሰጥቶናል። ከከተማ የሚሄደው ጎብኚ ከአስፋልት አይርቅም፣ ደግሞም የሚሄደው በበጋ ነው። የድሃው ክፉ ጊዜ ግን ዝናቡ ነው። ሥራው የሚበዛው፣ በሽታው የሚበረታው፣ ስንቁ የሚያልቀው፣ መንገዱ የሚቆረጠው ያኔ ነው። ጎብኚው በጥር ሄዶ ምርት የተወቀበትን አውድማ፣ የደረቀ መንገድና የሚስቅ ሰው አይቶ ይመለሳል፤ ሪፖርቱንም በዚያው ልክ ይጽፋል። ቻምበርስ የጻፈው ስለ ዓለም ድሃ አገሮች በጠቅላላ ነው፤ ለእኛ ግን አገራችንን ስም ጠርቶ የጻፈ ይመስላል።

እኛም የአገሩ ልጆች ከዚህ አናመልጥም። የመስቀል እንግዳ መስቀልን ነው የሚያየው። እናቱ ንጹሕ ለብሳ፣ ቤቱ ተለቅልቆ፣ ቅቤው ተነጥሮ ይጠብቀዋል። «ምን ጎደላችሁ?» ሲላቸው «እግዜር ይመስገን፣ ምንም» ይሉታል። በዓል ነዋ! በበዓል ችግር አይነገርም።

የዛሬዋ ጉብሬ የድሮዋ አይደለችም። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ሆናለች። የጎንደሩም፣ የወላይታውም፣ የሐረሩም ልጅ ጃንጥላውን ይዞ በዚያው ጭቃ ያልፋል። ከአዲስ አበባ የሚያደርሰው ዋናው መንገድም በሐምሌ አይቆረጥም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ያለችው ነፍሰ ጡር የአስፋልቱን ጥቅም የምታገኘው አስፋልቱ ድረስ ከደረሰች ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልበል። የአገር ቤት ልጆች በዓመት አንዴ የምትገቡት ለመስቀል ወይም ለአረፋ ከሆነ መልካም፤ ባህሉ ይቀጥል። ከቻላችሁ ግን አንድ ዓመት ሳትነግሯቸው በነሐሴ ግቡ። ጣሪያው የት ላይ እንደሚያፈስ፣ ውኃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ማን እንደሚያስል፣ ለድንገተኛ ሕመም ማን ተጠርቶ በየት በኩል እንደሚወጣ ታያላችሁ። ቀጥሎ የምታዋጡት ገንዘብ የት መዋል እንዳለበት ያኔ ይገባችኋል።

ሁለተኛው ለባለሥልጣናቱ ነው። የገጠር መንገድ ሲመረቅ ሪባን የሚቆረጠው ደረቅ ቀን ተመርጦ ነው፤ አቧራው እንኳን ውኃ ተረጭቶበት። ለምን በነሐሴ አናስመርቀውም? ባለሥልጣኑ ከነመኪናው ከአስፋልቱ ይውረድ፣ መጨረሻው መንደር ድረስ ይሂድ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር አሳፍሮ ሆስፒታል ያድርስ። ከደረሰ እናጨብጭብለት። ካልደረሰ ግን መንገዱ ገና አላለቀም፤ ሪባኑ ይጠቅለልና ለሌላ ክረምት ይቀመጥ።