የመከራ ቁስል

ትራውማን «የስሜት ቀውስ» ብሎ መተርጎም እየተለመደ መጥቷል። ይህ ቃል ሰው ይጎዳል። በአማርኛ ቀወሰ የተባለ ሰው አበደ ማለት ነው፤ «ቀውስ» ደግሞ በየሰፈሩ ስድብ ነው። ከእስር ወጥቶም «ወንጀለኛ» የሚለው ስም ገና ባልለቀቀው ሰው ላይ ይህንን መደረብ ግፍ ነው።

የቃል ችግሩ በትራውማ ብቻ አያበቃም። በአሜሪካ ከሦስት ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ከወህኒ ውጭ፣ በተቆጣጣሪ ዓይን ሥር ይኖራል፤ ከፊሉ በፕሮቤሽን፣ ከፊሉ በፓሮል። ፕሮቤሽንን «የሙከራ ጊዜ» ሲሉት ሰውዬው አዲስ ተቀጣሪ ይመስላል። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች እኮ «ገደብ» የሚል ቃል አላቸው። ፓሮልም አመክሮ ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከእስራቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመ ሰው በአመክሮ ሊፈታ እንደሚችል ይደነግጋል። ሥሩ የግዕዙ «አመከረ» ነው፤ ፈተነ ማለት ነው። ገዳም የገባ ሰውም ከመመንኮሱ በፊት በአመክሮ ይቆያል። መከራም የዚሁ ሥር ልጅ ነው።

ስለዚህ ትራውማን «የመከራ ቁስል» እላለሁ። በግሪክኛውም ቁስል ማለት ነው። «የሥነ ልቦና ጉዳት» አይሳሳትም፤ ግን የካሳ ማመልከቻ ይሸታል። «የመንፈስ ስብራት» ያምራል፤ ሆኖም ወደ ሐዘን ያዘነብላል። «ትራውማ» እንዳለ ይቀመጥ ቢባል፣ ሐኪም ቤት ውስጥ የመኪና አደጋ ነው የሚታሰበው። ቁስል ግን ግሦቹን አስከትሎ ይመጣል፦ ያመረቅዛል፣ ይሽራል፣ ያገረሻል።

በተለይ ይህ የመጨረሻው ግሥ ያስፈልገናል። በልጅነቱ የተደፈረ ሰው በገደብ ላይ ሳለ የሽንት ምርመራ ታዘዘ እንበል። ሽንቱን ሲሰጥ ሌላ ሰው አጠገቡ ቆሞ ያየዋል። ቁስሉ ያገረሽበታል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይቀራል። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ግን «ግዴታውን ጥሷል» ነው፤ ለዚህም ሊታሰር ይችላል።

የወንጀል ጥናት ምሁሩ ሻድ ማሩና እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው የሊቨርፑል ጥናቱ፣ ከወንጀል የራቁ ሰዎች ሕይወታቸውን ሲተርኩ «ውስጤ ድሮም መልካም ነበር» ወደሚል ማንነት እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። «ቆስዬ ነበር» ለእንዲህ ያለ ትረካ ቦታ ይሰጣል። «ቀውስ ነበርኩ» ብሎ አሠሪ ፊት የሚቆም ግን ማን ነው?

ይህንን ሁሉ ከግምት ያስገባውን አሠራር «ትራውማ ተኮር ቁጥጥር» የሚሉት አሉ፤ ቁጥጥሩ ትራውማውን የሚያነጣጥር ያስመስለዋል። እኔ «ቁስሉን ያወቀ ክትትል» ብዬዋለሁ፤ አስተርጓሚዎቻችንም እንዲሞክሩት እለምናለሁ።