የሻይ ቤት ኩባንያና የመጀመሪያው የጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር



በዛሬው ንግግራችን ኮምፒዩተር የተባለው የሒሳብ መኪና ከሊቃውንት ቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት እንዴት እንደ ገባ እንመለከታለን። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚታየው ይህ መሣሪያ የዘወትር የንግድ ሥራ መሥራት የጀመረው በባንክ ወይም በመርከብ ድርጅት ሳይሆን፣ ሻይና ኬክ በሚሸጥ በአንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ቤት ነው። ነገሩ የሚያስደንቅ ቢመስልም ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ለእኛ ለጽሕፈት ሥራ ሰዎች የሚበጅ ትምህርት ይዟል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ጄ. ላየንስ የተባለው ኩባንያ በሎንዶንና በሌሎችም የእንግሊዝ ከተሞች ብዙ ሻይ ቤቶች ነበሩት። ዋናው መሥሪያ ቤቱና ትልቁ ዳቦ መጋገሪያው ሀመርስሚዝ በሚባለው የሎንዶን ሰፈር፣ ካድቢ ሆል በተባለው ግቢ ይገኝ ነበር። ከአንድ ሲኒ ሻይና ከአንድ ቁራጭ ኬክ የሚገኘው ትርፍ እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚሸጠው ግን እጅግ ብዙ ነበር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥቃቅን ሽያጭ የሚያዘው ወረቀት፣ የሚደመረው ቁጥርና የሚመረመረው ደረሰኝ ያን ጥቂት ትርፍ መልሶ እንዳይበላው ያሠጋ ነበር።

ይህን ሥጋት አስቀድመው ከተረዱት ሰዎች አንዱ በ1923 ዓ.ም. ወደ ኩባንያው የገቡት የሒሳብ ምሁር ጆን ሲመንስ ናቸው። በእርሳቸው አመራር ኩባንያው የጽሕፈት ቤቱን ሥራ ብቻ የሚያጠና ልዩ ክፍል አቋቋመ። የዚህ ክፍል ሰዎች ተግባር፣ «ይህ ወረቀት ከማን ይመጣል? ወደ ማን ይሄዳል? ባይኖርስ ምን ይጎድላል?» እያሉ መጠየቅ ነበር። እንግዲህ ኮምፒዩተር ከመሠራቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ጥያቄው ተዘጋጅቶ መልስ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው።

በ1947 ዓ.ም. ሬይመንድ ቶምሰንና ኦሊቨር ስታንዲንግፎርድ የተባሉት የኩባንያው ሹማምንት የጽሕፈት ቤት አሠራርን ለመመልከት ወደ አሜሪካ ተላኩ። እዚያም በኤሌክትሮኒክ ኀይል ስለሚሠራው የሒሳብ መኪና ከሊቃውንቱ ከተረዱ በኋላ፣ በገዛ አገራቸው በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሞሪስ ዊልክስ የተባሉት ሊቅ ይህንኑ መኪና በመሥራት ላይ መሆናቸውን ሰሙ። ኩባንያው ለዊልክስ ሥራ 3,000 ፓውንድና አንድ ሠራተኛ ሰጠ። የካምብሪጁ መኪና በግንቦት ወር 1949 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር፣ ሻይ ሻጩ ኩባንያ ደግሞ ጆን ፒንከርተን በተባለ መሐንዲስ መሪነት የራሱን መኪና ወደ መሥራት ተሻገረ።

ይሁን እንጂ የሊቃውንቱን መኪና እንዳለ መቅዳት አይበቃም ነበር። የሳይንስ ሰው ጥቂት ቁጥር አስገብቶ ረዥም ስሌት ያሠራል፤ የንግድ ጽሕፈት ቤት ግን ስሌቱ አጭር ሆኖ፣ የሚገባውና የሚወጣው ቁጥር እንደ ጎርፍ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ መኪናው በአንድ ጊዜ በብዙ በር ቁጥር እንዲቀበልና እንዲያወጣ አድርገው አሻሻሉት። ስድስት ሺህ ያህል ቫልቭ የተባሉ የመስተዋት አምፖሎች የነበሩት ይህ መኪና «ሌዮ» ተባለ። ስሙ «የላየንስ ኤሌክትሮኒክ ጽሕፈት ቤት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ በምሕጻር የተወሰደ ሲሆን፣ በላቲን ቋንቋ ግን አንበሳ ማለት ነው።

ሌዮ በኅዳር ወር 1951 ዓ.ም. የዳቦ መጋገሪያዎቹን ምርት ዋጋ የማስላት ሥራ ተረከበ። በ1954 ዓ.ም. የሠራተኞች ደመወዝ ተጨመረለት፤ ልምድ ያለው ጸሐፊ የአንዱን ሠራተኛ ደመወዝ አስቦ ለመጨረስ 8 ደቂቃ ያህል ይፈጅበት የነበረውን፣ መኪናው በ1 ሰኮንድ ተኩል ይጨርሰው ጀመር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በዚያው ዓመት የተጀመረው የሻይ ቤቶቹ ትእዛዝ አሰባሰብ ነው። ቀድሞ እያንዳንዷ የሻይ ቤት ኀላፊ ለነገ የሚያስፈልጋትን ሁሉ በየቀኑ አንድ በአንድ ትጽፍ ነበር። ዴቪድ ካሚነርና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት አዲስ ሥርዐት ግን የየዕለቱን የተለመደ ትእዛዝ በካርድ አስቀምጦ፣ ኀላፊዋ ከተለመደው የሚለየውን ብቻ በስልክ እንድትናገር አደረገ። በስልኩ ጫፍ ያለችው ሠራተኛ ለውጡን ወዲያው በካርድ ላይ ትበሳዋለች፤ መኪናውም የሚጋገረውን፣ የሚታሸገውንና የሚጫነውን ሁሉ ደምሮ ያወጣል። ከዚህ እንደምንረዳው፣ ጊዜ ያተረፈው የመኪናው ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ «ያልተለወጠውን ነገር ለምን ደግመን እንጽፋለን?» የሚለው የሰው ጥያቄ ጭምር ነው።

እዚህ ላይ፣ «የጸሐፊዎቹስ ዕጣ ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ አድማጭ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። በእርግጥ ቀኑን ሙሉ በድምር ያሳልፍ የነበረው ሰው ሥራ በመኪና ተተክቷል። ነገር ግን ለመኪናው ትእዛዝ የሚያዘጋጁ ሰዎች ስላስፈለጉ፣ ኩባንያው ከራሱ ሠራተኞች መካከል በትምህርትና በፈተና መረጠ። በ1952 ዓ.ም. ከነዚህ ጋር የተመረጡት ሜሪ ኩምዝ፣ ለንግድ ኮምፒዩተር ትእዛዝ በማዘጋጀት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነው ይታወቃሉ። የተመረጡት ግን ጥቂቶች ስለ ነበሩ፣ መኪና የሚያስገባ መሥሪያ ቤት ሁሉ የሰዎቹን ትምህርት ከመኪናው ግዢ ጋር አብሮ ሊያስብ ይገባዋል።

የመጀመሪያው ሌዮ በ1965 ዓ.ም. ሥራውን አቆመ። የኮምፒዩተር ሥራው ክፍልም ቀደም ብሎ በ1963 ዓ.ም. ከሌላ ኩባንያ ጋር ተዋሕዶ ነበር። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ከዚያ ክፍል ሙሉ መኪና ይልቅ እጅግ የበለጠ ያሰላል። ሆኖም የሲመንስ ጥያቄ አላረጀም። የተዘበራረቀ መዝገብ በመኪና ላይ ቢጫን ዝብርቁ ይፈጥናል እንጂ አይስተካከልም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው። ባለጉዳይ በበራችን ቆሞ ሲጠብቅ የሚያስፈልገን አዲስ መሣሪያ መሆኑን ከመወሰናችን በፊት፣ በእጃችን ያለው ወረቀት ከማን መጥቶ ወደ ማን እንደሚሄድና ባይኖር ምን እንደሚጎድል እንመርምር። ይህን የመረመረ መሥሪያ ቤት መኪናው ሲመጣለት በእውነት ይጠቀምበታል።