ካርድ ላይ ያልሰፈረው፦ የክሊፎርድ ቢርስ ሕመምና ማገገም

አሜሪካዊው ክሊፎርድ ቢርስ የየል ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1900 በኒው ሄቨን ከሚገኘው የወላጆቹ ቤት ፎቅ ላይ በመስኮት ራሱን ወረወረ። ከሞት ቢተርፍም እስከ 1903 ድረስ በሦስት የአእምሮ ሕሙማን ተቋማት ቆየ። ያሳለፈውን በ1908 «ራሱን ያገኘ አእምሮ» በተሰኘ መጽሐፍ አሳተመ።

ሁለት ዓመት ያህል በድብርት ተውጦ በአብዛኛው ዝም ብሎ ኖረ። ለተመልካች የሚታየው ዝምታና ምግብ እምቢ ማለት ነበር፤ በሕሙማን ካርድ ላይ የሚሰፍረውም ዘወትር ከዚህ አያልፍም። በውስጡ ግን ፖሊስ እንደሚከታተለው፣ ሊጠይቁት የሚመጡት ዘመዶቹም ተመሳስለው የቀረቡ ሰላዮች እንደሆኑ ያምን ነበር። አንዳንዱን ምግብ መብላት ወንጀልን አምኖ እንደ መቀበል ይቆጠርብኛል ብሎ ይሰጋ ስለነበር፣ ምግብ እምቢ የሚለው ፍላጎት አጥቶ ሳይሆን ራሱን ለመከላከል ነበር። ይህን በምርመራ ብቻ ማወቅ አይቻልም፤ ታማሚው ካልነገረ፣ የሚነግረውንም ሰው ካላመነ ተሰውሮ ይቀራል።

የመውጫው በር የተከፈተው በሐኪም እጅ አልነበረም። ወደ ከተማ መውጣት የተፈቀደለት ሌላ ታማሚ የነዋሪዎችን አድራሻ መዝገብ ተመልክቶ የቢርስ ወንድም በእርግጥ እዚያ እንደሚኖር አረጋገጠለት። ቢርስም ለወንድሙ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሲመጣም ያንኑ ደብዳቤ እንደ ይለፍ ወረቀት ይዞ እንዲቀርብ ጠየቀ። ነሐሴ 30 ቀን 1902 ወንድሙ ደብዳቤውን ይዞ መጣ። ብዙዎች ሊያሳምኑት ሞክረው ያልተናጋው ጽኑ የተሳሳተ እምነት፣ ታማሚው ራሱ በተቀበለው ፈተና በአንድ ጊዜ ፈረሰ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ቢርስ ወዲያውኑ ከድብርት ወደ ማኒያ ተሻገረ፤ ከዚያም እጅን ጠፍሮ የሚያስር ልብስ ለበሰ፣ በአስታማሚዎችም ተደበደበ። ስለዚህ እምነቱን ያፈረሰው ደብዳቤው ነው ወይስ የስሜቱ መለወጥ? መጽሐፉ ይህን አይፈታም። ደግሞም ተራኪው የተማረና ብዕር የቀና ሰው ነው፤ ዝም ብለው የቀሩት ሌሎች የክፍሉ ታማሚዎች ምን ያስቡ እንደነበር አናውቅም። ይሁንና የሕመሙን አመክንዮ ከውስጥ ያሳየ ጽሑፍ በመሆኑ፣ ፈላስፋውና የሥነ ልቦና ሊቁ ዊልያም ጄምስ ደግፎታል። ሐኪሙ አዶልፍ ማየርም ከቢርስ ጋር ሠርቷል፤ በ1909 ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ኮሚቴ ተመሠረተ።

በመጽሐፉ የማገገም አብነት ሆኖ የኖረው ቢርስ በ1939 ዳግመኛ ሆስፒታል ገባ፤ በ1943ም እዚያው አረፈ። ስለዚያኛው ሕመሙ የጻፈው መጽሐፍ የለም።