ለልጆች መርዶ የሚነግረው ማን ነው?

በሰፈራችን ሰው ሲሞት ሥራው ሁሉ ባለቤት አለው። ጡሩንባ የሚነፋ አለ፤ ድንኳን የሚተክል አለ፤ ንፍሮ የሚቀቅል፣ ወንበር የሚቆጥር፣ መዝገብ ይዞ የቀረውን ሰው የሚያስቀጣ አለ። ሞቱ የደረሰው በሩቅ አገር ከሆነም ሽማግሌዎች ተሰባስበው በማለዳ በር ያንኳኳሉ። መርዶ በወግ ይነገራል። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ የእድር መዝገብ ሳገኝ ማገላበጥ እወዳለሁ። የተከፈለው፣ የተገዛው፣ የተዋሰው ሁሉ በየዓምዱ ተጽፏል። ለሟቹ ልጆች ማን እንደነገራቸው የሚጠይቅ ዓምድ ግን አይቼ አላውቅም።

ይህን የማነሳው በእኔም ላይ ስለደረሰ ነው። አባቴ በ1988 ዓ.ም. ሲያርፍ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እኔና ታናሽ ወንድሜ በለቅሶው ሰሞን ጎረቤት ተወሰድን። «አባታችሁ ለሕክምና ውጭ አገር ሄዷል» ተባልን። ወደ ቤት ስንመለስ እናታችን ጥቁር ለብሳ አገኘናት፤ «ዘመድ ሞቶብን ነው» አለችን። እኔ በልቤ «ስላስቸገርኩት ነው የሄደው» እል ነበር። ወንድሜ ደግሞ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ወደ ደጅ እየሮጠ ይወጣ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ እነዚያው ጎረቤታችን እትዬ ቤት «ላየን ኪንግ» የተባለው የካርቱን ፊልም በቪዲዮ ካሴት ተከፈተ። እንግሊዝኛውን ከመካከላችን የሚሰማ አልነበረም። ግልገሉ አንበሳ የወደቀ አባቱን እየገፋ ሊቀሰቅሰው ሲሞክር ግን ትርጉም አላስፈለገኝም። ማታ እናቴን «አባዬም እንደዚያ ሆኖ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ከዚያም እውነቱን ነገረችኝ። ወንድሜ ግን ገና ትንሽ ነው ተብሎ ታለፈ። እሱ የሰማው በኋላ፣ ትምህርት ቤት፣ ከልጆች አፍ ነው።

ከዚያ ወዲህ የልጆች ፊልሞች ሞትን እንዴት እንደሚናገሩ ልብ ማለት ልማዴ ሆነ። ልጆች ላሏችሁ አባላት ይጠቅም እንደሆነ ታሪኩን ባጭሩ ላቅርብ።

በመጀመሪያ፣ ሞትን ለልጆች ማውራት የፈረንጅ ፈጠራ አይደለም። የእኛም ተረት ስንት ጊዜ እናቷ ሞታባት በእንጀራ እናት እጅ በወደቀች ልጅ ይጀምራል! ቴሌቪዥን አዲስ አበባ ውስጥ በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ተረትን ወደ መስኮቱ አመጡት፤ ከአርባ ዓመት በላይም የልጆች አባት ሆነው ቆዩ። በተረት ውስጥ ሞትን ለልጅ እንነግረዋለን ማለት ነው። የምንደብቀው ሞቱ ከራሱ ቤት ሲገባ ነው።

የካርቱን ፊልምም መጀመሪያ ላይ እንደኛው ይደብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942፣ ዓለም በጦርነት ላይ ሳለች፣ ዋልት ዲዝኒ «ባምቢ»ን አወጣ። የትንሹ አጋዘን እናት በአዳኝ ጥይት ትሞታለች። ተመልካቹ የጥይቱን ድምፅ ይሰማል እንጂ ሞቷን አያይም። አባቱ መጥቶ እናቱ ከእንግዲህ ከእሱ ጋር እንደማትሆን ይነግረዋል፤ «ሞታለች» የሚለው ቃል ከአፉ አይወጣም። ወዲያውም ጸደይ ገብቶ ወፎች ይዘምራሉ። ለማልቀሻ ጊዜ የለም። «ውጭ አገር ሄዷል» ከሚለው የእኛ መርዶ ጋር ሳስተያየው ብዙም የራቀ አይመስለኝም።

ለውጡ ጎልቶ የታየው በአሻንጉሊቶች ፕሮግራም ላይ ነበር። «ሰሰሚ ስትሪት» በተባለው የአሜሪካ የልጆች ፕሮግራም ባለሱቁን ሚስተር ሁፐርን ሆኖ ይጫወት የነበረው ተዋናይ እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ ላይ አረፈ። አዘጋጆቹ ሌላ ሰው መተካት ወይም ጡረታ ወጥቶ ሄደ ማለት ይችሉ ነበር። ባለሙያ አማክረው እውነቱን ለመናገር ወሰኑ። በ1983 በቀረበው ዝግጅት ትልቁ ወፍ ለሚስተር ሁፐር የሣለውን ሥዕል ይዞ ይመጣል። ትልልቆቹም እንደሞተና እንደማይመለስ በግልጽ ይነግሩታል። አንቀላፋ ወይም ሄደ ብለው አላለፉትም። አንቀላፋ የተባለ ልጅ መተኛት ሊፈራ፣ ሄደ የተባለም ሲጠብቅ ሊኖር ይችላልና። የወንድሜን አውሮፕላን የማስታውሰው እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው «ላየን ኪንግ» ደግሞ አንድ እርምጃ ጨመረ። የአባቱን አስከሬን አሳየ፤ ከዚህም በላይ ልጁ «በእኔ ጥፋት ነው» ብሎ እንደሚያምን አሳየ። ሲምባ ከአገሩ የሚሸሸው በሐዘን ብቻ አይደለም፤ አጎቱ ጥፋተኛው አንተ ነህ ስላለው ጭምር ነው። ትንንሽ ልጆች ወላጅ ሲሞትባቸው ራሳቸውን መውቀሳቸው የተለመደ መሆኑን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይናገራሉ። እኔ ይህን ያነበብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ግን ግልገሉ አንበሳ እኔን መስሎኝ ነበር።

በዚያው ዘመን በአገራችን ከባድ ነገር መጣ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤችአይቪ ኤድስ በየቤቱ ገብቶ ብዙ ልጆችን ያለወላጅ አስቀረ። ነፃው መድኃኒት የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የሞቱ ምክንያት ስለማይነገር በልጆቹ ላይ የነበረው ዝምታ እጥፍ ሆነ፤ ሞቱም አይጠራም፣ በሽታውም አይጠራም። ልጆችን በራሳቸው ቋንቋ የሚያናግር ፕሮግራም ያስፈልግ የነበረው በዚህ ጊዜ ነው። መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ጀመሩ። ፀሐይ የተባለችው ቀጭኔ በአማርኛ ስለ ጤናና ስለ ስሜት ከልጆች ጋር ታወራ ጀመር፤ ፕሮግራሙም በ2008 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ያው ድርጅት በኋላ ያዘጋጀው «ጥበብ ገርልስ» ደግሞ ስለ ወር አበባና ያለዕድሜ ጋብቻ በካርቱን ተናገረ። በእናትና በልጅ መካከል የሚታፈን ወሬ በካርቱን ሊከፈት እንደሚችል በእኛው አገር ታየ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ኢንሳይድ አውት» የአንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ስሜቶችን ሰው አድርጎ ያሳያል። ደስታ የምትባለው ስሜት ሐዘንን ከልጅቷ ለማራቅ ስትታገል ትውላለች፤ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። አንድ ያዘነ ፍጡር መንገድ ላይ ሲቀመጥ ደስታ ልታስቀው ትሞክራለች፣ አልሆነም። ሐዘን ግን አጠገቡ ቁጭ ብላ ታዳምጠዋለች፤ አልቅሶ ይነሣል። በመጨረሻም ልጅቷ በወላጆቿ እቅፍ ስታለቅስ ይቀላታል።

ይህን ሳይ ገረመኝ። ፊልም ሠሪዎቹ ሳይንቲስቶችን አማክረው የደረሱበትን እኛ ለቅሶ መድረስ እንለዋለን! ሰው ሲያዝን አጠገቡ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ እስኪወጣለት ማስለቀስ፣ በሰልስትና በአርባ መመለስ የእናቶቻችን እውቀት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኮኮ» የሚያሳየው የሜክሲኮ የሙታን መታሰቢያም የእኛን ሙት ዓመትና ተዝካር ያስታውሳል። ወጉ አለን። ያላደረግነው ልጆቹን በድንኳኑ ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

እናቴን አልወቅስም። ያደረገችው ሁሉ ይደረግ የነበረውን ነው፤ ልጅን ከሐዘን ማራቅ እንደ ርኅራኄ ይቆጠር ነበር። ፊልምም መድኃኒት አይደለም፤ በአንድ ሰዓት ተኩል የሚያልቅ ሐዘን የለም። ልጁ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ ወይም ትምህርት ከጠላ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል።

ከማኅበራችን አባላት ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይህን ሐሳብ አቀርባለሁ። ለቅሶ ስንደርስ ከመካከላችን አንዷ ለልጆቹ ትመደብ። ልጆቹን ወደ ጎረቤት ከመውሰድ ይልቅ እናትየው «ሞቷል» የሚለውን ቃል ስትናገር አጠገቧ ትቀመጥ፤ ጥፋቱ የልጆቹ እንዳልሆነም አብራ ትንገራቸው። በአርባው ተመልሳ ትጠይቃቸው።

እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ለደጋፊዎቻችን የምለው፣ ይህ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። በለቅሶ መዝገባችን ላይ የልጆቹ ስምና ዕድሜ፣ የነገረቻቸውም አባል ስም የሚጻፍበት አንድ ዓምድ ማስመር ይበቃል። ለመጀመሪያው ተራ እኔን መዝግቡኝ።