ጌረርሳ፤ የወንድነት ምስክር

ወንድነት በጡንቻ ብቻ የሚለካ ቢሆን ኖሮ ግጥም ባላስፈለገው ነበር። ነገር ግን ጀግንነት ያለ ምስክር፥ ምስክርነትም ያለ ቃል አይጸናምና አበው የጀግናን ክብር ለአንደበት ዐደራ ሰጥተውታል። በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ፉከራና ሽለላ፥ በኦሮሞው ዘንድ ደግሞ ጌረርሳ የሚባለው የዜማ ግጥም ይህን ዐደራ የሚጠብቁ ናቸው።

አርሲ ነገሌ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ፥ ከሻሸመኔ በስተ ሰሜን የምትገኝ ከተማ ናት። የላንጋኖ፥ የአብያታና የሻላ ሐይቆች በሚገኙበት በዚህ አገር የኖረው የአርሲ ኦሮሞ ከብት አርቢና ፈረሰኛ ነበር። በጥንቱ ሥርዐት አንበሳ፥ ዝሆን ወይም ጎሽ የገደለ፥ ወይም ጠላቱን በጦር ሜዳ የጣለ ሰው በሸንጎ ፊት ጌረርሳ የማሰማት መብት ነበረው። ያልሠራውን ሠራሁ ቢል ግን ሰሚው ሁሉ ታዛቢው ነውና ክብሩ ወደ ውርደት ይለወጥበታል።

የግጥሙ ስልትም ለዚሁ ዓላማ የተዘጋጀ ነው። የአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኙ መጨረሻ ሲሆን፥ የኦሮምኛው ደግሞ በተመሳሳይ ድምፅ በሚጀምሩ ቃላትና በአቻ ስንኞች ላይ ይደገፋል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ስንኝ ስለ ዛፍ፥ ስለ ወንዝ ወይም ስለ ከብት ይናገራል፤ ሁለተኛው ስንኝ የልብን ጉዳይ ያወጣል። ሁለቱን የሚያገናኘው ሰሚው ነው። ስለዚህ ሰሚው በገጣሚው ክብር ተካፋይ ይሆናል።

ይህ ሥርዐት ከባድ ፈተና የገጠመው ከ1874 እስከ 1879 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ነው። ራስ ዳርጌ የመሩት የሸዋ ጦር ጠመንጃ ይዞ ሲዘምት፥ አርሲዎች በጦርና በጋሻ ለዓመታት ተከላከሉ፤ በ1878 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአዙሌ በተደረገው ጦርነት ብዙ ሰው አለቀባቸው። ድል የተነሣ ሕዝብ የሚፎክርበት ነገር አይኖረውም የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ጌረርሳ መግደልን ከማወደስ ባሻገር ችግርን፥ ግዞትንና እስራትን ተቋቁሞ መኖርን ማመስገኛም ሆኗል። ኤንሪኮ ቼሩሊ የተባለው ኢጣሊያዊ ሊቅ በ1922 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የኦሮሞ ቃላዊ ሥነ ጽሑፍ ስብስብ የጦርነት ግጥሞችን ለንባብ አብቅቷል።

ደግሞም የአርሲ ባህል ለወንድ ኀይል ዳር ድንበር አበጅቶለታል። ያገባች ሴት ሲንቄ የተባለውን በትሯን ይዛ በሚጣሉ ወንዶች መካከል ከገባች ጠቡ መቆም አለበት። እንግዲህ የሚፎክር ሁሉ ጀግና አይባልም፤ ሲንቄን ሲያይ ጦሩን ዝቅ የማያደርግ ሰው በፉከራው ሊከበር አይችልም።

ዛሬ አንበሳና ዝሆን ያለ ፈቃድ መግደል በሕግ የተከለከለ ነው፤ መከልከሉም ተገቢ ነው። ከዚህ የተነሣ ጌረርሳ ጊዜው አልፎበታል የሚሉ አይጠፉም። እኛ ግን ከግድያው ይልቅ ምስክርነቱ የግጥሙ እምብርት ነው እንላለን። በሕዝብ ፊት እውነቱን የሚናገር፥ መከራን የሚችል፥ ኀይሉንም የሚገታ ሰው ዛሬም ሊዘመርለት ይገባል። ወጣቱ ትውልድ ይህን ግጥም ከሽማግሌዎች አንደበት ሰምቶ ቢጽፈው፥ ከጥይቱ ጩኸት ይልቅ የትዕግሥቱን ድምፅ ያገኝበታል።